አርባ ክብ ፍሬ

የመጨረሻው ልጄ አዳማ ሥራ ይዞ ከወጣ በኋላ ጊንጆ ሰፈር ያለው ቤታችን ድንገት ሰፋብኝ። ሦስት ልጆች ያሳደግንበት ክፍል እንደተዘጋ ስድስት ወር ቆየ። ባለቤቴ ጁምዓ ሰግዶ በተመለሰ ቁጥር «ይህን ክፍል ምን እናድርገው?» ይለኛል፤ እኔም «እናስብበት» እላለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ምን እንደገባብኝ አላውቅም፣ ሻሼን አስሬ ገባሁበትና መስኮቱን በረገድኩት።

የሰው ልጅ ስንት ኮተት ያጠራቅማል ጃል! እግር የሌለው አሻንጉሊት፣ የአንደኛ ክፍል ደብተር፣ ጓደኛ የሌለው ካልሲ፣ ቻርጀር። ቻርጀሩ ብቻ አሥራ አንድ ነው፤ አንዱም አይሠራም። ትልቋ ልጄ ሀናን ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ደውላ «ማሚ፣ ሁሉንም ጣይው፣ አታስቢበት» እያለች ታዘኛለች። ለእሷ መጣል ቀላል ነው፤ ያጠብኩት፣ የጠገንኩት እኔ ነኝ። ያም ሆኖ አራት ማዳበሪያ ሞላሁ።

ከቁም ሳጥኑ ሥር ግን የልጆቼ ያልሆነ ነገር ወጣ። የብስኩት ቆርቆሮ ነው፤ ክዳኑ ዝጎ በቢላ ነው ያላቀቅኩት። ከአጋሮ ተድሬ ስመጣ ይዤው መጥቼ፣ ልጆች እንዳይበትኑብኝ ደብቄ፣ ደብቄም ረስቼው ኖሯል። ውስጡ የተሰበረ አምባር፣ የለስላሳ ቆርኪ የተሰካበት ሽቦ፣ ጥርሱ ያለቀ ማበጠሪያ፣ እና ሎሚ አክሎ የተቋጠረ የአበባ ጨርቅ አለ። ጨርቁን ሳልፈታው አፍንጫዬ ላይ አደረግኩት። ከስንት ዓመት በኋላ ይሸታል ብል ማንም አያምነኝም፤ ግን ይሸታል። ጥሬ ቡና፣ ጆንያ፣ የቆርቆሮ መጋዘን ሙቀት። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«ማሚ፣ ምንድነው እሱ?» አለች ሀናን።

«አርባ ፍሬ ቡና ነው።»

«አርባ ፍሬ ምን ይሠራል? ጣይው እንጂ!»

«አንቺን ነው የምጥልሽ!» ብዬ ስልኩን ዘጋሁባት።

ያን ቡና ስሰበስብ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የምንኖረው አጋሮ። አባዬ ገበያው ዳር በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋል፤ እማዬ ደግሞ ወቅቱ ሲደርስ መጋዘን ቡና ትለቅማለች። ልጃቸው እኔ ብቻ ነኝ። በሰፈሩ ስድስት ሰባት ልጅ የሌለው ቤት ስላልነበረ እኔ እንደ ጉድ ነበር የምታየው። ሌሎቹ ከእህቶቻቸው ጋር ሲነካከሱ፣ በአንድ ጥንድ ጫማ ሲጎተቱ ቆሜ አያለሁ፤ እንዴት እንደሚያስቀናኝ! ሱዚ ስጫወት የላስቲኩን አንድ ጫፍ ከዘይቱኑ ግንድ፣ ሌላውን ከወንበር እግር ጋር አስሬ ብቻዬን እዘላለሁ። በዘለልኩ ቁጥር ወንበሩ ይወድቃል። እሱን አቁሜ እንደገና እዘላለሁ። በዚያ ዓመት ከዒድ ጫማም ከምንም በላይ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ እህት።

ከእኔ በኋላ እማዬ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም አልሆኑላትም። ይህን አሁን ነው እንዲህ በቀላሉ የምናገረው። ያኔ ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔ የማውቀው እህት እንደሌለኝና ሲጠየቁ ትልልቅ ሰዎች ወሬ እንደሚቀይሩ ብቻ ነው።

ጠዋት ትምህርት ቤት እውላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ቤት የሚጠብቀኝ ስለሌለ እማዬ ያለችበት መጋዘን እሄዳለሁ። መጋዘኑ ከመንገድ ሲያዩት ቆርቆሮ ብቻ ነው። ውስጡ ሌላ ነው። ሴቶቹ በረድፍ ተቀምጠው፣ ፊታቸው የተከመረውን ጥሬ ቡና በጣታቸው እየዘረጉ፣ ጥቁሩን፣ የተቦረቦረውን፣ የተሰበረውን ይለቅማሉ። እጃቸው ይሠራል፣ አፋቸውም አያርፍም። ወሬው በአማርኛ ይጀመርና በኦሮምኛ ያልቃል፤ ሐሜት ከሆነ ደግሞ ተገልብጦ ነው። ሳቅ ከአንዱ ጥግ ይነሳና ሌላው ጥግ ያሉት ምን እንደተባለ ሳይሰሙ ይስቃሉ። እኔ ከእማዬ ጉልበት አጠገብ ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ እባላለሁ፤ በዚያ ሁሉ ወሬ መሐል ማካፈል የት ይሠራል!

የለቃሚዎቹ ሁሉ ታላቅ አዴ ከዲጃ ነበሩ፤ አዴ እንደ እማማ ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ጥርሳቸው አልቋል፤ ጣታቸው ግን ሳያዩ ነው መጥፎውን ፍሬ የሚለየው። ሴቶቹ ከተቆጣጣሪው ይልቅ እሳቸውን ይፈራሉ። ተቆጣጣሪው ጋሽ ታደሰ ይባላል፤ ረጅም፣ ኮፍያ የማያወልቅ፣ ሲስቅ ያየው ሰው የሌለ። አንድ ሕግ አለው፤ አንዲት ፍሬ ይዛ የወጣች ሴት ዳግመኛ በዚያ በር አትገባም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስንወጣ ፈታሿ በር ላይ ቆማ የሁሉንም ኪስ፣ መቀነትና ሻሽ ትዳብሳለች።

በዚያ የካቲት ሴቶቹ እማዬን ጠሉብኝ። ለእኔ የመሰለኝ እንደዚያ ነው። ከመሐል አስነስተው መስኮቱ ሥር ለብቻዋ አስቀመጧት። ጆንያ ልትጎትት ስትነሳ «ተይ አንቺ!» ብለው ይነጥቋታል። ተንሾካሹከው ሲያወሩ ቆይተው እሷ ስትመጣ ጸጥ ይላሉ። አንድ ቀን አፏን ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች። ተከትያት ብሄድ ታስመልሳለች፤ አዴ ከዲጃ ጀርባዋን እያሹ ሎሚ ያሸቷታል። በቃ፣ የሆነ ነገር ያበሏት እሳቸው ናቸው አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «አሰላሙ ዓለይኩም» ሲሉኝ ጭንቅላቴን ነቅንቄ አልፋለሁ። «ይቺ ልጅ ምን አድርጌያት ነው እንዲህ የምትገላምጠኝ?» ይሉ ነበር አሉ።

የእህትን ነገር ያመጣችው ነዒማ ናት። ነዒማ የሌላ ለቃሚ ልጅ፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ የማታውቀው ነገር የሌለ፣ ያላወቀችውንም ፈጥራ የምትናገር። አንድ ቀን እማዬ ፊት ካለው ክምር አንዲት ፍሬ አንስታ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ። ሌላው ቡና አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፤ ይቺ ግን አተር መሳይ፣ ክብ።

«ለምን ክብ እንደሆነች ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ቡና በአንድ ቅርፊት ውስጥ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚያድገው። ተደጋግፈው ስለሚተኙ ጎናቸው ይጠፈጠፋል። ይቺ ብቻዋን ነው ያደገችው። እንዳንቺ።»

ፍሬዋን አጥብቄ ጨበጥኳት።

ነዒማ ግራ ቀኝ አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እንደዚህ ዓይነቷን አርባ ሰብስበሽ እናትሽ ፍራሽ ሥር ካስቀመጥሽ እህት ትመጣልሻለች። አርባ ካልሞላ ግን ዋጋ የለውም። የኛ ሰሚራ እንደዚያ ነው የመጣችው።»

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ሰሚራን በዓይኔ አውቃታለሁ፤ እንዲያውም ነክሳኛለች።

ሥራ ጀመርኩ። ክብ ፍሬ እንደልብ አይገኝም፤ ስንት ክምር ተገላብጦ ሁለት ወይ ሦስት ነው። ኪሴን ፈታሿ ትዳብሰዋለች። አፌን ግን አታየውም። በጉንጬ ይዤ እወጣለሁ፤ ጥሬ ቡና ከቆየ ሣር ሣር ይላል፣ ምራቅ ይሞላል፣ መዋጥ ደግሞ አይቻልም። ቤት ስደርስ በቀሚሴ አድርቄ እማዬ በምትተኛበት በኩል ፍራሹ ሥር እከታቸዋለሁ። «ይህ ፍራሽ ጠጠር አበቀለ እንዴ?» ስትል አባዬ «አንቺን ዘንድሮ የማይቆረቁርሽ ነገር የለም» ይላታል። እኔ ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ እስቃለሁ።

ስርቆት ነው ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም። ቁርዓን የሚያስቀሩን ኡስታዝ ስለ ሌባ ሲያስተምሩ ከሁሉ በላይ አንገቴን የምነቀንቀው እኔ ነበርኩ።

ሠላሳ ሦስት ላይ ስደርስ ጋሽ ታደሰ መሐል ላይ ቆሞ ተናገረ። ልጆች ክምር እየረገጡ፣ እየሮጡ አስቸግረዋል፤ ከነገ ጀምሮ ማንም ልጅ ይዞ እንዳይገባ። ሴቶቹ አጉረመረሙ። እኔ በልቤ አሰላሁ። ሰባት ቀርቶኛል፤ ያለኝ ደግሞ ያ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።

በዚያ ቀን እንደሠራሁት በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። «ዛሬ ለቀማ ላግዝሽ» ብዬ ከእማዬ ጎን ተደፋሁ። «ምን ታይቶሽ ነው?» አለችኝ፤ ግን ፊቷ ነጥቶ ደክሟት ስለነበር ተወችኝ። አራት አገኘሁ። ከዚያ ነዒማ እናቷ ጋ ካለው ክምር ሁለት ሰርቃ አመጣችልኝ፤ ለዚህ ውለታዋ እስከ ዛሬ እወዳታለሁ። ሰባተኛዋን ያገኘሁት ሴቶቹ ልብሳቸውን እያራገፉ ሲነሱ ነው። ሰባቱንም አፌ ውስጥ ከትቼ ተሰለፍኩ።

ፈታሿ እማዬን ፈትሻ አሳለፈቻት። እኔንም ዳበሰችኝ። «በቃ ከነገ ጀምሮ አንገናኝም፣ ሙና» ስትለኝ ራሴን ነቀነቅኩ። አንድ እግሬ ከበሩ ወጥቷል። ከኋላዬ አዴ ከዲጃ ደረሱ።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሙና» አሉኝ።

ነቀነቅኩ።

«ኧረ ዛሬስ አይሆንም!» አሉና ትከሻዬን ይዘው ወደ እሳቸው አዞሩኝ። «ስንት ቀን ነው በጭንቅላት የምትመልሽልኝ? ኡስታዝሽ ሰላምታ በምን ይመለሳል አለሽ? በጭንቅላት? ኮቱ መ፣ ነይ እስኪ፣ በአፍሽ መልሺልኝ። አሰላሙ ዓለይኩም!»

ኡስታዛችን ሰላምታ ያልመለሰ ሰው ምን እንደሚጠብቀው በደንብ አስተምረውናል። ዙሪያውን ሴቶቹ ቆመው እያዩኝ ነው። በአንድ በኩል እህቴ፣ በሌላ በኩል የአላህ ቁጣ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ በሙሉ አፌ፣ «ወዓለይኩሙ ሰላም!» አልኩ።

ሰባቱም ሲሚንቶው ላይ ጠጠር እንደተበተነ ኳ ኳ ብለው ተበተኑ።

ጋሽ ታደሰ ከሚዛኑ አጠገብ መጥቶ አንዷን አነሳና ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ እማዬን አየ። እማዬ ግድግዳውን ደገፍ አለች፤ «ወላሂ አላውቅም ጋሼ፣ ልጅ ናት» አለችው።

«ለልጅ ብዬ ብተወው ነገ ሁሉም በልጁ አፍ ያወጣል» አለ። «ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

«ታደሰ» አሉ አዴ ከዲጃ። በስሙ ብቻ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። «መጀመሪያ ጠይቃት። ሰባት ፍሬ ቡና ለምን በአፏ እንደምትይዝ ልጅቱን ጠይቃት።»

ጋሽ ታደሰ ወደ እኔ አጎነበሰ። ያኔ እያለቀስኩ፣ እየተንተባተብኩ ሁሉንም ነገርኩት። ክቦቹ ብቻቸውን እንዳደጉ፣ አርባ እንደሚያስፈልግ፣ ሠላሳ ሦስቱ ፍራሽ ሥር እንዳሉ፣ ልጅ ከነገ ጀምሮ ስለማይገባ ዛሬ መሙላት እንዳለበት፣ እህት እንደምፈልግ። ሰሚራንም ምስክር ጠራሁ።

ይስቁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። በጉንዳን እንኳ የሚስቁት እነዚያ ሴቶች አንዳቸውም አልሳቁም። እማዬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። አዴ ከዲጃ ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉና «ያ ረቢ! የዚችን ልጅ አፍ ስማ» አሉ። በሰልፉ ያሉት ሁሉ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሙስሊሟ አሚን፣ ክርስቲያኗ አሜን አለች። ጋሽ ታደሰ ኮፍያውን አወለቀ። መላጣ መሆኑን ያወቅነው ያን ቀን ነው።

ከዚያ ያ ረጅም ሰውዬ ተንበርክኮ ፍሬዎቹን መልቀም ጀመረ። ስድስቱን አገኘ። ሰባተኛዋ የፍሳሽ ቀዳዳ ውስጥ ገብታለች። ምንም ሳይናገር ወደ ክምሩ ሄዶ ተቀመጠና ሌላ ይፈልግ ጀመር። እኔም ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

«ይቺ አትሆንም?» አለኝ አንድ አንስቶ።

«እሷማ ጠፍጣፋ ናት!»

«ይቺስ?»

«ይቺ ደግሞ የተሰበረች ናት፣ ጋሽ ታደሰ። አያዩም እንዴ?»

ያኔ ሴቶቹ ሳቁ። ምን ዓይነት ሳቅ! ቆርቆሮው የሚነሳ ነው የመሰለኝ። ተቆጣጣሪው ቡና መልቀም አይችልም፤ ተቆጣጣሪው ጥቁሩን ከነጩ አይለይም፤ ነገ ከእኛ ጋር ተቀመጥ፣ እናስተምርህ! እሱ ግን እስኪያገኝ አልተነሳም። ሲያገኛት በሁለት ጣቱ ይዞ በመስኮቱ ብርሃን አዟዟራትና መዳፌ ላይ አኖራት። «ልጅ አይገባም ብያለሁ፤ አሁንም አይገባም» አለኝ። ለእማዬ ደግሞ ዞር ሳይል «አንቺ ነገ ሥራሽ ላይ ተገኚ» አላት።

ወደ ቤት ስንሄድ እማዬ ትታኝ ከፊት ከፊት ሄደች። ዛሬስ አለቀልኝ አልኩ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ሳቀች፤ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ እንባ ሆነ። እንባዋን ሳይ ደነገጥኩ፤ እህቴን አልፈልግም ማለቷ መሰለኝ።

«ካልፈለግሽ እመልሰዋለሁ» አልኳት።

«ኧረ እንዳትመልሺ!» ብላ ጉልበቷ ላይ ጎትታ አስቀመጠችኝ። «እንዳትመልሺ፣ የኔ እናት።» ቤት ስንገባ ሠላሳ ሦስቱን ከፍራሹ ሥር አውጥታ ከሰባቱ ጋር ቀላቅላ፣ አባዬ ሰፍቶ ከተረፈው የአበባ ጨርቅ ቀድዳ፣ በአራት ቋጠሮ አሰረችልኝና መልሳ እዚያው ከተተችው።

እንደዚያ ክረምት የረዘመብኝ ክረምት የለም። የእማዬ ሆድ ሲያድግ እኔ እንደ ባለሙያ ነበር የማየው። ለእንግዳ ሁሉ «እኔ ነኝ ያመጣሁት» እላለሁ፤ እማዬ «ሹሽ!» ትለኛለች፣ እንግዶቹ በከንፈራቸው ዱዓ ያደርጋሉ። እሷ የማታነሳውን ነገር እኔ አነሳለሁ፤ ውኃ ቀድቼ ግማሹን በመንገድ እደፋለሁ። አባዬ ስፌቱን ትቶ በቀን ሦስት ጊዜ ቤት ይመጣና በር ላይ ቆሞ «ደህና ናችሁ?» ብሎ ይመለሳል። አዴ ከዲጃ በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ ታርቀናል፣ ሰላምታቸውን ከሩቁ እየጮህኩ ነው የምመልሰው። ሁሉም ሰው ያን ክረምት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው። እኔ ብቻ ነኝ ስለ እህቴ በጩኸት የማወራው። ስሟን መርጫለሁ፣ ሱዚ እንዴት እንደምትይዝልኝ አስቤያለሁ፣ ከሰሚራ ጋር ስትጣላ ማን እንደሚያሸንፍ ሳይቀር ወስኛለሁ።

ትምህርት ከተከፈተ በኋላ፣ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ስመለስ ሰፈራችን ጥግ ስደርስ እልልታ ሰማሁ። ከእኛ ግቢ ነው። እግሬ ተተከለ። በእኛ ሰፈር ሴት ስትወለድ ሦስት፣ ወንድ ሲወለድ ሰባት ጊዜ ነው እልል የሚባለው። በጣቴ ቆጠርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ደብተሬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ትንፋሼን ያዝኩ።

አራት አሉ።

አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት! በደስታ አብደው ሰባቱንም አደረሱት። እኔ ሄጄ በራችን ላይ ቁጭ ብዬ ጮክ ብዬ አለቀስኩ።

አዴ ከዲጃ የገንፎ ማማሰያ እንደያዙ ወጡ። «ምን ሆንሽ አንቺ?»

«እህት ነው ያልኩት! አርባውም ሞልቶ ነበር! ለምን ወንድ ይመጣል?»

የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። ማማሰያውን አጥሩ ላይ አስደግፈው አጠገቤ መሬቱ ላይ ተቀመጡ። «ዝም በይና ስሚ» አሉኝ።

ሰማሁ። ከቤት ውስጥ አንድ ነገር ይጮሃል፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ የማያቋርጥ ጩኸት።

«ይጮሃል» አልኩ።

«ይጮሃል፣ አልሐምዱሊላህ! ከአንቺ በኋላ ሁለት መጥተው ነበር፣ ልጄ። ሁለቱም አልጮሁም።» አዴ ከዲጃ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር። መጋዘን ሴቶቹ እማዬን ለምን መስኮት ሥር እንዳስቀመጧት፣ ያን ሁሉ ወራት ሰዎች ለምን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዳወሩ ያኔ ገባኝ። እንባዬን በእጄ ጠረግኩና ተነሳሁ።

እማዬ አልጋው ላይ ናት፤ ፀጉሯ በላብ ተጣብቋል፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ትስቃለች። «እጅሽን ታጥበሻል?» አለችኝ መጀመሪያ። ታጥቤ መጣሁ። ጨቅላውን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቀይ ነው፣ የተጨማደደ ነው፣ አፉ ከፊቱ ይበልጣል። ጣቴን ሳቀርብለት ጨበጣትና ጩኸቱን አቆመ።

«ዘጠኙን ወር ሁሉ ስፈራ ነው የከረምኩት» አለችኝ እማዬ፤ ድምፅዋ ገና አልጸናም። «አባትሽም ሲፈራ፣ እነ አዴም ሲፈሩ። ይመጣል ብለሽ አንድም ቀን ያልተጠራጠርሽው አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺን እያየሁ ነው እዚህ የደረስኩት።»

ወደ እሱ አጎንብሼ በደንብ አየሁት። ጣቴን እንደጨበጠ ነው፤ ብጎትተውም አይለቅም። ወንድ በመሆኑ በዚያችው ደቂቃ ይቅር አልኩት።